በፖርት ኤሲንግተን ያየነው
በደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ከዳርዊን በትንሽ አውሮፕላን ተነሥተን በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ዳርቻ ወዳለው የኮበርግ ባሕረ ገብ መሬት ደረስን። ማረፊያ ቤቱ በዱርና በባሕር መካከል ነው፤ አዞ ስላለበት ባሕሩን ያዩታል እንጂ አይዋኙበትም። በማግሥቱ በጀልባ ወደ ቪክቶሪያ ሰፈር ተሻገርን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1838 ቆርቁረውት በ1849 ጥለውት ሄዱ። በ1839 ዐውሎ ነፋስ ቤቶቻቸውን አፈረሰ፥ ትኩሳትም ብዙዎችን ገደለ። ዛሬ ፍርስራሽ፥ የድንጋይ ጭስ መውጫዎችና መቃብሮች ቀርተዋል።

እኛን ግን ያቆመን የአንድ ሰው ታሪክ ነው። አንጄሎ ኮንፋሎኒዬሪ የተባለ የካቶሊክ ቄስ በ1846 ወደዚህ ሲመጣ መርከቡ ተሰብሮ ሁለት ረዳቶቹ ሰጠሙ፤ ንብረቱም ጠፋ። ለማንም የሚያድለው ነገር አልነበረውም። ከአገሬው ሰዎች ጋር እየተጓዘ ቋንቋቸውን ተማረ፥ ቃላታቸውን ጻፈ፥ የየነገዱንም ወሰን በካርታ አሰፈረ። በ1848 በትኩሳት ሞተ፤ የጻፈው ግን እስከ ዛሬ አለ።

እኛ የእርዳታ ሠራተኞች ስንመለስ ያከፋፈልነውን ኩንታል መቍጠር እንወዳለን። በዚያ ማታ ራት ላይ ሌላ ነገር ተጠያየቅን፤ የምናገለግለውን ሕዝብ ያለ አስተርጓሚ የምናነጋግር ከሰባታችን ሁለት ብቻ ነበርን።