በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በኅብረት ሥራ ማኅበራት የንግድ ስትራቴጂና አዲስ አሠራር ላይ ያለው ድርሻ
(በወላይታ ሶዶ፣ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 

በዓል ሲከበር ያለፈው ሥራ ይወሳል። የተሰበሰበው ምርት፣ የተሠራጨው ማዳበሪያ፣ የተሠራው መጋዘን ይቆጠራል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን በመጋዘን የማይታይ፣ በሚዛን የማይመዘን አንድ ሀብት አለ፤ እርሱም መረጃ ነው። ኮምፒውተርና ሞባይል ለአንድ ዩኒየን የሚጠቅሙት ምን፣ መቼና ለማን ይሸጥ የሚለውን ውሳኔ ሲያሻሽሉ ነው። ውሳኔው የሚሻሻለው ደግሞ ከታች፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ በትክክል የተጻፈ መዝገብ ሲኖር ብቻ ነው። የዛሬው ንግግር ቁም ነገር ይህ ነው።

«ስትራቴጂ» የሚለው ቃል ለአንዳንዱ ጆሮ ከባድ ይመስላል። ሆኖም የወላይታ አርሶ አደር ከጥንት ጀምሮ ስትራቴጂ ያለው ሰው ነው። በጠባብ መሬት ላይ እንሰቱን ከቤቱ አጠገብ፣ ቡናውን ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ በቆሎውንና ስኳር ድንቹን ከዚያ ወጣ አድርጎ ሲያለማ አንዱ ቢከዳው ሌላው እንዲደርስለት አስቦ ነው። መረጃውን የሚይዘው ግን በጭንቅላቱ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ይበቃል። በብዙ ቀበሌዎች የተበተኑ አባላት ላሉት ዩኒየን ግን አይበቃም። በ1960ዎቹ በዓለም ባንክ ድጋፍ በወላይታ የተቋቋመው ዋዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሲያድል፣ ማን ምን እንደወሰደና ማን እንደመለሰ መጻፍ ግድ ነበር። ስለዚህ የመረጃ ሥራ ለዞኑ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነው መረጃው የሚጓዝበት ፍጥነትና የሚደርስበት ርቀት ነው።

ዋጋን ማወቅ

የመጀመሪያው ጥቅም ዋጋን ማወቅ ነው። በቀድሞው ጊዜ አርሶ አደሩ የሚያውቀው ዋጋ መኪና ይዞ የመጣው ነጋዴ የነገረውን ነበር። ደላላው የአዲስ አበባን ዋጋ ያውቃል፤ ገበሬው አያውቅም። የደላላው ትርፍ ዋና ምንጭም ይኸው ልዩነት ነበር።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር ሊለውጥ የተነሣው ይህንን ነው። ምርቱ በመጋዘን ተመዝኖ ደረጃ ይወጣለታል፤ ገዢና ሻጭ በግልጽ ይገበያያሉ፤ ዋጋውም በየከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች፣ በስልክና በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲሰማ ተደረገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጩኸትና በእጅ ምልክት ይካሄድ የነበረው ግብይትም ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ።

የዋጋ ወሬ በፍጥነት መድረሱ ምን እንደሚያመጣ ከሩቅ አገር የተጠና ምሳሌ አለ። በህንድ ኬራላ ጠረፍ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ከ1997 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ሞባይል ስልክ አገኙ። ከዚያ በፊት በአንዱ ወደብ ገዢ ጠፍቶ ዓሣ ሲደፋ፣ በሌላው ወደብ ደግሞ ዓሣ ጠፍቶ ገዢ ባዶውን ይመለስ ነበር። ስልኩ ከመጣ በኋላ አጥማጆቹ ገና ከባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ የሚያርፉበትን ወደብ መምረጥ ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባሉ ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው የሚደፋው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 ከመቶ ገደማ ጨመረ፤ የሸማቹ ዋጋም በ4 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ሻጭም ሸማችም ተጠቀሙ።

ይሁን እንጂ ዋጋን መስማት ብቻ ውሳኔ አይሆንም፤ ከራስ ሂሳብ ጋር መገናኘት አለበት። አንድ መሠረታዊ ማኅበር በመኸር ጊዜ በብድር ገንዘብ በቆሎ ገዝቶ ሦስት ወር ሊያቆይ አሰበ እንበል። የባንኩ ወለድ በዓመት 15 ከመቶ ቢሆን የሦስት ወሩ 3.75 ከመቶ ነው። በነቀዝና በመድረቅ ከክብደቱ 3 ከመቶ ቢጎድል፣ ማኅበሩ ኪሳራ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ዋጋው በ7 ከመቶ ያህል መጨመር አለበት። የጆንያ፣ የመድኃኒትና የጥበቃ ወጪ ገና አልተነካም። ይህንን ስሌት ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል፤ እርሳስም ይሠራዋል። ሁለቱም የማይችሉት የተገዛበት ቀን፣ ክብደትና ዋጋ ካልተጻፈ ነው።

አደጋን ቀድሞ መስማት

ሁለተኛው ጥቅም ማስጠንቀቂያ ነው። ዝንጅብል በቦሎሶ ቦምቤና በአካባቢው ለብዙ ቤተሰብ የገንዘብ ምንጭ እንደነበረ የማያስታውስ የለም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ በሽታ ገብቶ በደቡብ ያለውን ማሳ አወደመ። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን በዘር ዝንጅብል፣ በአፈርና በውኃ ይተላለፋል፤ አንድ ጊዜ መሬት ከያዘ በመድኃኒት ነቅሎ ማውጣት አይቻልም። እንዲህ ባለ በሽታ ጊዜ «ከዚያኛው ቀበሌ ዘር አትግዙ» የሚል አንድ መልእክት ቀድሞ ከደረሰ ከብዙ ኩንታል መድኃኒት ይበልጣል። ማስጠንቀቂያው ከዘሩ ዘግይቶ ከመጣ ግን ዋጋ የለውም።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ነገር ታይቷል። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ8028 የስልክ መስመር ለገበሬዎች የግብርና ምክር በነፃ መስጠት ጀመረ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎችም ደወሉ። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በአገሪቱ ደቡብ ታይቶ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሲዛመት፣ ተባዩ ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞ መግደል ስለሚቻል የሰዓታትና የቀናት ጉዳይ ወሳኝ መሆኑ ታወቀ። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅትም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብን ጨምሮ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ገበሬዎች ራሳቸው የሚታዩባቸውንና በአካባቢ ቋንቋ የሚናገሩባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች በትናንሽ ፕሮጀክተሮች ለመንደር ቡድኖች ማሳየት ተያያዘ። ገበሬ ከባለሙያ ይልቅ መሰሉን ቶሎ ያምናል። አዲሱ አሠራር የፈለቀው ከመሣሪያው ብቻ ሳይሆን ማን ይናገር የሚለውን ከማሰብ ነው።

ምርትን ከምንጩ ጋር መሸጥ

ሦስተኛው የመረጃ ጥቅም የምርቱን ምንጭ ማሳየት ነው። የዋጋ መረጃ የሚጠቅመው ሁሉም ሰው የሚሸጠውን ዓይነት ምርት ለሚሸጥ ነው። የራሱን ልዩ ምርት ለመሸጥ የሚፈልግ ግን «ይህ ቡና የማን ነው? ከየትኛው ማሳ ወጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። በምርት ገበያው የመጀመሪያ ዓመታት ቡና በደረጃና በአካባቢ ስለሚቀላቀል የገበሬው ማንነት ይጠፋ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ግን በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ መብት ስለነበራቸው ምንጩን ይዘው መሸጥ ቻሉ። ይህ በነጋዴው ላይ ያገኙት ትልቅ ብልጫ ነበር።

አሁን ጉዳዩ ከብልጫ አልፎ ወደ ግዴታ እየተሸጋገረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ፣ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆን ቡናው የበቀለበት ማሳ አቀማመጥ በሳተላይት መለኪያ ተወስዶ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ያልሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ከጓሮው ጥቂት ኩንታል ቡና የሚለቅም የወላይታ ገበሬ ደን ያልመነጠረ ቢሆንም እንኳ፣ ይህንን የሚያሳይ መዝገብ ከሌለው ወደዚያ ገበያ የሚወስደው መንገድ ሊጠብበት ይችላል። መዝገቡን አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያዘጋጅ አይችልም። ማኅበር ያስፈለገው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

መረጃው ራሱ ምርት ሲሆን፦ የሁምቦ ትምህርት

ከሁሉም የሚበልጠው ምሳሌ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም፤ ከሶዶ በስተደቡብ፣ ሁምቦ ላይ ነው። በሁምቦ የተራቆተ ተራራ ላይ ከመሬት በታች ሥራቸው ያልሞተ የዛፍ ጉቶዎች ነበሩ። በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ሕዝቡ ቦታውን ከልሎ፣ ከጉቶው የሚወጣውን ቀንበጥ እየመረጠና እየገረዘ 2,728 ሄክታር መሬት እንዲያገግም አደረገ። ለዚህም ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት አሠራር መሠረት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ቅናሽ ለመግዛት ተዋዋለ። የውሉ ዋጋ ከ700 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር።

ማኅበራቱ በእርግጥ የሸጡት ምንድን ነው? እንጨት አይደለም፤ እንጨቱ ተራራው ላይ ነው። የሸጡት ተለክቶና ተመዝግቦ በሌላ ወገን የተረጋገጠ ቁጥር ነው። የደኑ ወሰን በካርታ ካልሰፈረ፣ በናሙና ቦታዎች ዛፎቹ ካልተለኩና ካልተጻፉ፣ ዛፉ ቢያድግም ሽያጩ አይኖርም ነበር። ሰዉ ደኑን ጠበቀ፤ መዝገቡ ደግሞ የሰዉን ልፋት ወደ ገንዘብ ለወጠ። ትክክለኛ መዝገብ ከዚህ በፊት ያልነበረ ምርት እንደሚፈጥር ከሁምቦ የሚበልጥ ማስረጃ በዞኑ አይገኝም።

ከሁሉ በፊት ምን ይሠራ?

እነዚህ ምሳሌዎች ለዩኒየኑና ለመሠረታዊ ማኅበራት የሚያሳዩት የሥራ ቅደም ተከተል አለ።

በመጀመሪያ የሚዛን ደረሰኝ። 400 ኩንታል የሚረከብ ማኅበር በያንዳንዱ ኩንታል አንድ ኪሎ ቢሳሳት 4 ኩንታል ይጠፋል። ስህተቱ በገበሬው ላይ ከሆነ እምነት ይጠፋል፤ በማኅበሩ ላይ ከሆነ ትርፍ ክፍፍል ይጠፋል። የተሳሳተ ቁጥር ወደ ኮምፒውተር ቢገባ ስህተቱ አይታረምም፤ የተከበረ መስሎ ይታተማል እንጂ።

በሁለተኛ ደረጃ የአባላት መዝገብ። በብዙ ቦታ አባል ተብሎ የሚጻፈው ባል ነው፤ ቡናውን ለቅማና አድርቃ፣ ተሸክማም የምታደርስ ሚስት ግን ስሟ የለም። ክፍያ በስልክ ሲሆን ገንዘቡ ስሙ ወደተጻፈው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ የሴቶች ስም በመዝገብ መግባት የይስሙላ ጉዳይ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ፈጣን ክፍያ። ገበሬ ምርቱን ለማኅበሩ ትቶ ለነጋዴ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ማኅበሩን ጠልቶ አይደለም፤ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ወይም የጊፋታ በዓል ደርሶበት ነው። ነጋዴው ያኔውኑ ይከፍላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገሪቱ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ክፍያ ከሚዛኑ አጠገብ መፈጸም የሚቻል ሆኗል። ማኅበሩ ይህንን ቢጠቀም ከነጋዴው ጋር በሚስማማው ሜዳ ላይ ይወዳደራል።

በአራተኛ ደረጃ ቋንቋ። ለአባል የሚላክ መልእክት በወላይትኛ፣ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ መሆን ይኖርበታል።

በመጨረሻም ጥንቃቄ። መብራት ይጠፋል፤ ኮምፒውተር ይበላሻል፤ ስለዚህ መዝገቡ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ ወረቀቱም አይጣል። የአባሉ ስም፣ ስልክና የማሳው ቦታ የአባሉ ንብረት ነውና ያለ ፈቃዱ ለማንም አይሰጥ። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ወጣቶች ሩቅ አይደሉም። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና በግብርና ኮሌጁ ይማራሉ፤ በየአባላቱ ቤትም ሞባይል በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። አባት በሚዛኑ፣ ልጅ በመዝገቡ ቢቆሙ ማኅበሩ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚሆን ሥራ ይኖረዋል።

የተከበራችሁ የበዓሉ ታዳሚዎች፦

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ዩኒየኑ ድሩን ካበረ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሁን የሚቀረው እያንዳንዱ ክር የት እንዳለ ማወቅ ነው። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ከሚቀርበው ሪፖርት ውስጥ ስንት ኮምፒውተር ተገዛ ከሚለው ቀድሞ፣ ስንት ገበሬ የሚዛን ደረሰኙን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ የሚለው ይቅረብ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።