በጦርነት ስለ ተደፈሩ እኅቶቻችን የእኛ ተግባር ምንድን ነው?

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በአደባባይ ሲነሣ የሚያሳፍር መስሎ የሚታይ ነው። ላነሣው የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። በጦርነት ጊዜ ተገዳ የተደፈረች ሴት የምትሸከመው ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ እሷንም ይዞ ይነቅዛል።

በመጀመሪያ የሆነውን እንመልከት። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ሴቶች ላይ ብዙ ግፍ ተፈጽሟል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በትግራይ ጥቃት የደረሰባቸውን 63 ሴቶችና ልጃገረዶች አነጋግሮ፥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ወታደሮች፥ በአማራ ኃይሎችም የተፈጸመውን ጽፏል። ይኸው ድርጅት በደቡብ ጎንደር፥ በነፋስ መውጫ ከተማ 16 ሴቶችን አነጋግሮ፥ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማዋን ይዘው በነበሩት የትግራይ ተዋጊዎች እንደ ተደፈሩ፥ 14ቱም ከአንድ በበለጡ ሰዎች እንደ ተጠቁ አስታውቋል። የከተማዋ ሐኪም ቤት ተዘርፎ ስለ ነበር የሚገባቸውን ሕክምና አላገኙም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆምሁት ሆነ ብዬ ነው። የራሱ ወገን ለሆነችው ብቻ የሚያለቅስ ሰው፥ ለወገኑ እንጂ ለሴቲቱ አላለቀሰም።

እኛ የምሥራቅ ጎጃም ልጆችም ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ የምንሰማበት ጊዜ አልፏል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል የተነሣው ውጊያ የአማራን ክልል አዳርሷል። ጦር ባለበት ሁሉ ይህ ጥቃት ይከተላልና፥ ከመርጡለ ማርያም፥ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ማወቅ የሚገባን ነገር አለ።

እርሱም ይህ ነው፤ የሐኪም እርዳታ በሰዓት የተወሰነ ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ቢጀመር ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከዚያም 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው ክኒን እስከ 5 ቀን ይሰጣል። እንግዲህ አስቡት። አንዲት ልጅ ከሩቅ ቀበሌ እስከ መርጡለ ማርያም በእግሯ ብትሄድ አንድ ቀን ያልቃል። የቀሩትን ሁለት ቀኖች የሚበላባት ግን መንገዱ አይደለም፤ «ሰው ምን ይላል» የሚለው ፍርሃት ነው። እናት ትሸሽጋለች፤ አባት አንገቱን ይደፋል፤ ጎረቤት ይንሾካሾካል። በተኩስ የተዘጋውን መንገድ እኛ መክፈት አንችል ይሆናል፤ በኀፍረት የተዘጋውን ግን እንችላለን። ሰዓቱ አለፈ ተብሎም መቅረት አይገባትም። ለቁስሏ፥ ለሌላው በሽታ፥ ሽንት መቆጣጠር ቢያቅታት ለፊስቱላው፥ ለተጨነቀው አእምሮዋም ሕክምና አለ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ደፋሪው ተበዳይቱን ቢያገባት ከቅጣት ነጻ ያወጣው ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ሰርዟል። በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት፥ ሲከብድም ከዚያ በላይ ያስቀጣል፤ በጦርነት ጊዜ በሲቪል ሰው ላይ ሲፈጸም አንቀጽ 270 የጦር ወንጀል ያደርገዋል። የተደፈረች ሴት ብታረግዝ፥ እርግዝናውን በሐኪም ለማቋረጥ ማስረጃ አምጪ አትባልም፤ በአንቀጽ 552 መሠረት የራሷ ቃል ይበቃል። ስለዚህ «ነገሩ በሽምግልና ይለቅ፥ ያግባት» የሚሉ ሽማግሌዎች ሕግ የጣለውን ነገር እንደገና እያነሡ መሆናቸውን በአክብሮት፥ ነገር ግን ሳንፈራ ልንነግራቸው ይገባል።

ከሌላው ዓለምም የምንማረው አለ። ባንግላዴሽ በ1964 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ መንግሥቷ በጦርነቱ የተደፈሩትን ሴቶች «ቢራንጎና»፥ ማለት ጀግኒት ብሎ ሰየማቸው። ስሙ መልካም ነበር፤ ብዙ ቤተ ሰቦች ግን አላስገባ አሏቸው፤ ስሙም ራሱ መጠቆሚያ ሆነባቸው። እንደ ነጻነት ታጋዮች ተቆጥረው አበል ማግኘት የጀመሩት ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኮሶቮም ለተደፈሩ ሴቶች ወርኃዊ አበል መክፈል የጀመረችው ጦርነቱ ካበቃ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። በእኛም አገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ካሣ ይናገራል። ወረቀቱ እንጀራ እንዲሆን መጠየቅ የተማረ ሰው ፈንታ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ እያንዳንዳችን በየወረዳችን ይህን ሕክምና የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ወይም ሐኪም ቤት የትኛው እንደ ሆነ ጠይቀን እንወቅ፤ ወደ አገራችን ስንገባ የ72ቱን ሰዓት ነገር በዕድሩም፥ በጽዋ ማኅበሩም፥ በትምህርት ቤቱም እንንገር።

ሁለተኛ፥ ሴቲቱ ስትናገር እንስማ እንጂ አንመርምራት። «ለምን ሄድሽ፥ ለምን አልጮኽሽም» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። ምስጢሯም የእሷ ነው፤ ፎቶግራፏና ስሟ ለማንም ክርክር መሣሪያ አይሁን።

ሦስተኛ፥ ተማሪ ከሆነች ወደ ክፍሏ እንድትመለስ እንርዳት። ይህ ይበልጡን የወንዶቹ ሥራ ነው፤ የሚጠቋቆሙባት እነርሱ ናቸውና።

አራተኛ፥ ሕግና ሕክምና የምታጠኑ ጓደኞቼ፥ ዕውቀታችሁን ለዚህ አውሉት፤ ክስ መሥርቶ እስከ መጨረሻ የሚከታተል፥ ቁስልንም ሳይቆጣ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

መርጡለ ማርያም በእመቤታችን ስም የምትጠራ፥ እቴጌ እሌኒም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩባት አገር ናት። ሁለቱን ሴቶች አክብሮ ሦስተኛይቱን፥ የተበደለችውን፥ ከደጁ የሚመልስ ሕዝብ አክብሮቱ ገና አልተፈተነም። ፈተናው አሁን መጥቷል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፥ መሸሸጉን እኛ እንተው።