የመኪና ንዝረትና የፍሬን ታምቡር



ማዳበሪያ የሚያደርስ የጭነት መኪና ፍጥነት ሲጨምር ቢንቀጠቀጥ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ጎማ ነው። ጎማው ባላንስ ተደርጎም ንዝረቱ ካልቀረ ግን አዲስ ጎማ ለመግዛት መቸኮል አይገባም። ጎማው ከነቸርኬው ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር። ንዝረቱ አብሮ ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ በቦታው ከቀረ ታምቡሩና ኩሽኔታው ይፈተሹ። በታምቡሩ ላይ ለሚዛን የተበየደ ብረት ከወደቀ፣ ታምቡሩ ሲሽከረከር መኪናውን ያንቀጠቅጣል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ንዝረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ታምቡሩ ክብነቱን ማጣቱን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለ መኪና ሳይጠገን ጭነት ይዞ ቁልቁለት መውረድ የለበትም።

ስለዚህ ሾፌሩ ንዝረቱ መቼ እንደሚጀምር መዝግቦ ለመካኒኩ ያስረዳ። ያለ ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ የአባላቱ ነውና።