ስለ ትከሻ ሕመምና ከሩቅ ስለሚደረግ ክትትል



የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርስ የጤና ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። እኛም የዚሁ አደራ ወራሾች ነን። ትከሻውን የሚያመው የትክል ድንጋይ ገበሬ ለእያንዳንዱ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ጎንደር ድረስ ቢጠራ የሥራ ቀኑንና የመሳፈሪያ ገንዘቡን ያጣል።

ይህ ሁሉ ምልልስ ያስፈልጋልን? በእንግሊዝ አገር 708 የትከሻ ጅማት ሕመምተኞችን ተከታትሎ በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ እስከ 6 ጊዜ እየተመላለሱ እንቅስቃሴ የተማሩትን፥ አንድ ጊዜ ብቻ በሚገባ ተመክረው በቤታቸው ከሠሩት ጋር አነጻጸረ። በ12 ወር ውስጥ በሕመሙም ሆነ በክንዱ አሠራር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ጥናቱ የስልክ ክትትልን አልመዘነም። ሆኖም ምልልስ ማብዛት ብልጫ ከሌለው፥ መጀመሪያ በእጅ መርምሮ እንቅስቃሴውን አሠርቶ ማሳየት፤ ከዚያም «ጋሼ፥ ክንድዎ እስከ የት ተነሣ?» እያሉ በስልክ መከታተል ላገራችን የሚስማማ ይመስለናል። ወድቆ የተጎዳ፥ ትኩሳት ያለው፥ ወይም ክንዱ ድንገት አልነሣ ያለው ግን ሳይዘገይ መጥቶ ይታይ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ ቀጠሮ ስንሰጥ የሕመምተኛውንም መንገድ እንቍጠር።