የተጣለ እንስሳን አንሥቶ ስለ ማሳደግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር በዐውደ ምሕረት አዘውትሮ የሚነገር ስላልሆነ፣ ምናልባት ከእናንተ አንዳንዶቹ «የሰው ችግር አልቆ ካህናቱ ስለ ውሻ ይሰብኩ ጀመር» ትሉን ይሆናል። ብትሉንም አንቀየምም፤ ጥያቄው በቀረበልን ጊዜ እኛም አስቀድመን ያሰብነው ይህንኑ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት በዕድሜ የገፉ ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቀውን «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሉን። «እግዚአብሔር ይፍታዎ» ባልናቸው ጊዜ እንባ ተናንቋቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ውሻዬ ሞታብኝ ሦስት ቀን አለቀስሁ። ጎረቤቶቼም ለሰው የሚገባውን እንባ ለውሻ አፈሰሰች ብለው ሳቁብኝ። በድያለሁን?» ሲሉ ጠየቁን። ይህን በኑዛዜ የሰማነው አይደለም፤ ስማቸውን ሳንጠራ እንድንናገረውም ፈቅደውልናል።

ከ11 ዓመት በፊት፣ የሐምሌ ዝናም በሚያይልበት ሰሞን፣ አንድ ጨካኝ ሰው ቡችሎችን በጆንያ ቋጥሮ ከቦይ ጥሏቸው ኖሯል። እኒህ እናት ድምፅ ሰምተው ጆንያውን ቢፈቱት ከሁሉም አንዲቱ ብቻ ነፍስ ነበረባት። በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዷት፤ ወተትም በጣታቸው እያላሱ አሳደጓት። ያ ዓመት ባለቤታቸው ያረፉበት ዓመት ነበር። ስሟንም «አይዞሽ» አሏት። በጠሯት ቁጥር አይዞሽ ይሉ የነበረው ለእርስዋ ብቻ እንዳልነበረ የምትረዱት ይመስለናል።

ውሻይቱም ኪዳን ሊያደርሱ በሌሊት ሲወጡ እየተከተለች እስከ ደጀ ሰላሙ ታደርሳቸው ነበር። ወደ ቅጥሩ ግን አትገባም፤ ቅዳሴው እስኪፈጸም ከውጭ ተኝታ ትጠብቃለች። እኛም እናውቃት ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን መንገድ ዘጋችብን ብለን በመቋሚያችን መትተን አባረናታል። ባልቴቷ ሲጠይቁን ይህ ትዝ አለንና መልሱን ቶሎ መስጠት አልቻልንም፤ «በሰንበት ይምጡ» ብለን አሰናበትናቸው።

በዚያ ሳምንት መጻሕፍትን ስናገላብጥ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ በምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን አገኘን። አንድ ድኻ አንዲት ታናሽ በግ ነበረችው፤ ከእንጀራው እየበላች፣ ከዋንጫው እየጠጣች፣ በብብቱ እየተኛች እንደ ልጁ ሆና ከልጆቹ ጋር አደገች። ባለጠጋው ግን የራሱን መንጋ ትቶ እርስዋን ወስዶ ለእንግዳው አረደለት። ዳዊት ይህን ሲሰማ አልሳቀም፤ «ለአንዲት በግ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አላለም። ተቈጣ፣ በሰውየውም ላይ ሞት ፈረደ። ነቢዩ የንጉሡን ልብ ለመክፈት ወርቅን ወይም ርስትን ምሳሌ ሊያደርግ ይችል ነበር፤ የመረጠው ግን ድኻው ለበጉ የነበረውን ፍቅር ነው። የሚናቅ ፍቅር ቢሆን ኖሮ ለእንዲህ ያለ ታላቅ ተግሣጽ ባልተመረጠም ነበር።

በመጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ለመንገድ ሲነሣ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ ተጽፏል። ጠላት ነከሰ፣ ሌባ ያዘ አይልም፤ መሄዱን ብቻ ይነግረናል። ወፊቱም ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዐይን እንባ ስትጠጣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥላ ሳለች፣ እኛ ካህናቱ ከሥዕሉ ሥር ቆመን በደጅ የተኛችውን እንመታለን።

ስለዚህ በሰንበት ሲመጡ «አልበደሉም» አልናቸው። ውሻ እንደ ሰው ፍትሐት ወይም ተዝካር የሚደረግለት አይደለም፤ እርሳቸውም ይህን አልለመኑንም። እግዚአብሔር በእጃቸው ያኖራትን ፍጥረት ስላጡ ግን ማዘናቸው ነውር የለበትም።

ምእመናን ሆይ፤ ቡችላን ከቦይ ማውጣት የአንድ ሰዓት ርኅራኄ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ማሳደር ግን ሌላ ነገር ነው። ለልጆች መጫወቻ ብለው ለዐውደ ዓመት ቡችላ አምጥተው፣ ሲያድግና ሲበላ ከሩቅ ሰፈር ወስደው የሚጥሉ አሉ። ዕድሜውን ሙሉ እህልና ውኃ የተሸከመውን አህያ ጀርባው ሲቈስል ለጅብ የሚለቁም አሉ፤ የኦሪቱ ሕግ ግን በዘጸአት ምዕራፍ 23 ከሸክሙ በታች የወደቀውን የጠላትን አህያ እንኳ እንድናነሣ ያዝዛል። በሌላ ወገን ደግሞ ውሻው ሥጋ በልቶ ሲያድር ዘበኛው ጦሙን የሚያድርበት ግቢ መኖሩን እናውቃለን። የዚያ ግቢ ጌታ ውሻውን ይወዳል ብለን አናመሰግነውም።

ውሻ የሚያሳድግ ሁሉ በየዓመቱ ማስከተብ ይገባዋል። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1885) በእብድ ውሻ የተነከሰን ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። «ጠበል ይበቃኛል» የሚል ቢኖር፣ ጠበሉን ይጠመቅ፣ መርፌውንም ይወጋ፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናልና። እኒህ ባልቴት የአይዞሽን የክትባት ወረቀት በውዳሴ ማርያማቸው ውስጥ አጥፈው ያኖሩት ነበር፤ አውጥተው አሳይተውናል።

በመጨረሻም በመቋሚያ ስለ መታናት ይቅርታ ለመንናቸው፤ ውሻይቱን ልንለምናት አንችልምና። እርሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው ወደ መጽሐፉ እየመለሱ፣ «አባቴ፣ እርስዋ እኮ በማግሥቱም እዚያው ተኝታ ጠብቃኛለች» አሉን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።