ብቸኝነትና ጉርብትና በአቦምሳ



በቋንቋችን ብሕትውናና ብቸኝነት ሁለት ናቸው። ባሕታዊ ሰውን ትቶ የሚወጣው ወድዶ ነው፤ ብቸኛ ግን በሰው መካከል ተቀምጦ ሰው ያጣ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

አቦምሳ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ እንደ መሆኗ፥ መምህሩም፥ ነርሱም፥ የግብርና ባለሙያውም ተመድቦ ይመጣባታል። አዲስ መጤው ኦሮምኛ ካልቻለ ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት እጅግ ይረዝምበታል። ይህ ግን ቋንቋው ሲለመድ ይቀልላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአገሬው ሰው ብቸኝነት ነው። ከአርሲ ብዙ ወጣቶች ወደ ዐረብ አገሮች ሄደዋል፤ እናት ገንዘቡ ይደርሳታል፥ የልጇንም ድምፅ በስልክ ትሰማለች፤ ዳሩ ግን አቦሉ ተቀድቶ፥ ቶናው ደርሶ፥ በረካውን አብሯት የሚጠጣ የለም።

«ዕድር አለን» የሚል አይጠፋም። ዕድር ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን አጥብቆ የሚፈልገን ስንሞት ነው፤ ወርኀዊ መዋጮውን የማያጓድል ሰው ቀብሩ በሕዝብ እንደሚሞላ እርግጠኛ ሆኖ ሳለ፥ በቁሙ ደጁን የሚያንኳኳ ላያገኝ ይችላል።

በዚህ ረገድ የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ ይበልጣል እላለሁ። ሲንቄ እናት ለልጇ በጋብቻዋ ዕለት የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው። ባሏ የበደላት ሴት በትሯን ይዛ ስትጮህ፥ የሰሙት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ነገሩ በሽማግሌ ታይቶ በደሉ እስኪካስ ድረስም ወደየቤታቸው አይመለሱም። ልብ በሉ፤ የሚወጡት በሕይወት ላለች ሴት ነው። የብቸኛ ሰው ችግር ግን አለመጮኹ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1 በብቸኝነት እንደሚጠቃ፥ በዓመትም ከ871,000 በላይ ሞት ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሥራ መድኃኒቱን ከሩቅ አልፈለገም፤ ሥልጠና የወሰዱ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ያዳምጣሉ።

እኛም ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይዞት የመጣውን ሰው ስንመረምር፥ የደም ግፊቱን ከለካን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ቡና ከማን ጋር ይጠጣሉ?» ብለን። መልሱ «ብቻዬን» ከሆነ በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ ደጅ ትለፍ።