ፊደል ለይተው ንባብ ለከበዳቸው ጐልማሶች መጻሕፍትን ስለ መምረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አጠገብ ጥቂት ዓመታት የሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት አንባቢ አለ። ዕድሜው 15 ወይም 16 ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል፤ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ለይቶ ያውቃል። አንድ አንቀጽ አንብብ ሲባል ግን ቃሉን በየፊደሉ እየቆራረጠ ይጐትተዋል፤ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ጠፍቷል። ይህ ወጣት መጽሐፍ ለመዋስ እምብዛም አይመጣም። ከመጣም ጓደኞቹ የያዙትን ዓይነት ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ይሄድና ሳያነበው ይመልሰዋል። በማታ ትምህርት የተመዘገቡ እናቶችና አባቶችም ከዚሁ ችግር የራቁ አይደሉም።

ቁጥራቸው እንደ ጥቂት ሊታይ አይገባም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ጐልማሶች ናቸው። ከዚያ ቀደም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ትምህርቱን እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ያዳረሰው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ያስተማረው ነገር ይኸው ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያነበው ካላገኘ የተማረውን መልሶ ይረሳል።

የቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ለዚህ የራሱ ብልሃት ነበረው። ተማሪው ፊደልና አቡጊዳ ከጨረሰ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል፤ እያለም እስከ ዳዊት ይደርሳል። ያንኑ ምንባብ መጀመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ኋላም በውርድ ንባብ ይመላለስበታል። አንድን ገጽ ደጋግሞ ማንበብ በዚያ ቤት የሰነፍ ምልክት አይደለም፤ የሁሉም መንገድ ነው። እርግጥ ቋንቋው ግዕዝ በመሆኑ ድምፁን አሳምሮ የሚያወጣው ልጅ ምሥጢሩን ላያውቀው ይችላል። ብልሃቱን ግን ከነጉድለቱ መጣል አያሻም።

ለዘገየ አንባቢ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ሊመረምረው የሚገባው የአማርኛን ጽሕፈት ጠባይ ነው። ጽሕፈቱ መጥበቅና መላላትን አያመለክትም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው። «ዋና» ሲጠብቅ ቀዳሚውን ይገልጻል፤ ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘትን። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። የሠለጠነ አንባቢ ይህን ከአገባቡ ስለሚለየው ችግሩ መኖሩን እንኳ አያስተውለውም። የዘገየው አንባቢ ግን በትክክል ሊያነበው የሚችለው አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ቃል ብቻ ነው። አፉን በሌላ ቋንቋ ለፈታ ተማሪ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚሰጠው መጽሐፍ በገበያና በቤት ከሚነገረው አማርኛ የራቀ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው የቃሉ ርዝመት ነው። «ስላልነገረቻቸው» የሚለው አንድ ቃል ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ድርጊቱን፣ አድራጊዋንና ተቀባዮቹን አጣምሮ ይዟል። እንዲህ ያሉት ቃላት በተደራረቡበትና ማሰሪያ አንቀጹ አምስትና ስድስት መስመር በሚርቅበት ድርሰት ውስጥ ጀማሪው መንገድ ይስታል። የኅትመቱም ሁኔታ ቀላል ነገር አይደለም። በጥንቱ ልማድ ቃላት በሁለት ነጥብ ስለሚለያዩ ቃሉ በመስመር መጨረሻ ላይ በየትም ቢቈረጥ ጉዳት አልነበረውም። ሁለት ነጥቡ ቀርቶ ባዶ ቦታ ሲተካ ይህ አቈራረጥ በብዙ መጻሕፍት እንዳለ ቀረ፤ ጀማሪውም የተቈረጠውን ቃል እንደ ሁለት ቃላት ያነበዋል። ደቃቅ ፊደል የታተመበትን፣ ቃል የሚቈርጠውን መጽሐፍ ወደ ጐን ማድረግ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ይዘቱ ከዕድሜው ጋር ካልገጠመ ድካሙ ከንቱ ነው። ጢም ያቀመቀመ ወጣት ስለ ድመትና ኳስ የሚተርክ የሕፃናት መጽሐፍ ሲሰጠው የሚሰማው ኀፍረት ዳግመኛ እንዳይመጣ ያደርገዋል። ቀላል ቋንቋና የሕፃን ታሪክ አንድ አይደሉም። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች አጫጭር ናቸው፤ አብዛኛውንም አንባቢው በጆሮው ያውቀዋል፤ ሽማግሌም ይስቅባቸዋል። በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በግጥም የቀረቡት ምሳሌዎች መስመራቸው አጭር ነው፤ ቤት መምታታቸውም የሚመጣውን ቃል አስቀድሞ ይጠቁማል። የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ከቁም ነገር የማይቈጥሩ ባልደረቦች አሉ፤ ነገር ግን ገዳዩን ለማወቅ ሲል 20 ገጽ የገፋ ወጣት በዓመቱ ካነበበው ሁሉ የበለጠ አንብቧል።

ከባዱም መጽሐፍ ቢሆን መንገድ አለው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ በጉጉት ተከታትሎታል። ትረካውን እየሰማ በጣቱ መስመሩን የሚከተል አንባቢ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከተራኪው ይቀበላል፤ ያንኑ ገጽ በማግሥቱ ብቻውን ሊመለስበት ይችላል። ለማታ ተማሪዋ እናት ደግሞ የዕድር ደንብና ከልጅ የመጣ ደብዳቤ ከማናቸውም ልብ ወለድ ሊቀድሙ ይችላሉ።

መጽሐፉ ለአንባቢው የሚመጥን መሆኑን ለማወቅ አንድ ገጽ ለብቻው፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ማስነበብ ይበቃል። ከ100 ቃላት ከ10 በላይ የሚያደናቅፈው ከሆነ ለጊዜው ይቈይ፤ ወይም ሌላ ሰው ያንብብለት። የተመረጡትን መጻሕፍት «ለደካማ አንባቢያን» በሚል ጽሑፍ ለይቶ ማስቀመጥ ግን ማንም እንዳይነካቸው ማድረግ ነው። ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ይቀመጡ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የሚያውቀው ትንሽ ምልክት በጀርባቸው ይደረግ። ወጣቱ ወደ መደርደሪያው ሲጠጋ ሠራተኛው ከመካከላቸው አንዱን አውጥቶ፣ ስለ ታሪኩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮ፣ ይስጠው።